እህቴን ያላስመዘገብኩበት ቀን

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የሠራሁት ጥናት መስክ መውጣት የማይጠይቅ ነበር። ቡራዩ ውስጥ አንድ የግል የጤና ኮሌጅ አስተምራለሁ። ጠዋት ክፍል እገባለሁ፣ ከሰዓት ጤና ጣቢያ ልምምድ የወጡ ተማሪዎቼን አያለሁ፤ ለምርምር የሚተርፈኝ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። አማካሪዬ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ቁጭ ብለሽ የምትሠሪው ይሁን» አሉኝ። ሥራው ኤች አይ ቪ እንዳይዝ አስቀድሞ ስለሚወሰደው መድኃኒት በዓለም ዙሪያ የታተሙ ጥናቶችን ከኢንተርኔት ሰብስቦ መቁጠር ነው። የትኛው አገር ብዙ ጻፈ፣ ጥያቄዎቹ ከዓመት ዓመት እንዴት ተለወጡ፣ የትኛው ቃል ይደጋገማል፣ ይኼው ነው። ሰው ማነጋገር የለበትም። እውነቱን ለመናገር ሰው አለማነጋገሩን ወድጄለት ነበር።

ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ቃልና ለእያንዳንዱ አገር ክብ ይስልልኛል። ብዙ የተጻፈበት ቃል ክቡ ይተልቃል፣ አብረው የሚነሱ ቃላት በመስመር ይያያዛሉ። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ የጠየቁት ክኒኑ ይሠራል ወይ ብለው ነው። ይሠራል፣ በየቀኑ ከተዋጠ። ቀጥለው ደግሞ ሰው የሚሠራ ክኒን ይዞ ለምን ያቋርጣል ብለው ጠየቁ። ከዚያ በየሁለት ወሩ የሚወጋ መርፌ መጣ። ከዚያ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወጋ፣ በእኛው አህጉር ወጣት ሴቶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ ሳይንቲስቶቹን ራሳቸውን ያስደነቀ መርፌ መጣ። የእኛ አገር ክብ ሽንብራ ታክላለች፤ ሳላጎላት አትታየኝም ነበር። ቢሆንም በሥዕሉ እኮራ ነበር። የስልኬ ፊት ላይ ሳይቀር አድርጌው ነበር።

አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ ታናሽ እህቴ ከሰበታ መጣች። ሰበታ የክር ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። ባሏ ከሱሉልታ ድንጋይ የሚያመላልስ የሲኖትራክ ሹፌር ነው። የሚኖሩት በአባቱ ግቢ ውስጥ ነው፤ አንደኛ ክፍል የገባች አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። እኔ የተደጋገሙ ጥናቶችን እየለየሁ እሰርዝ ነበር። አልጋዬ ላይ የተዘረገፈውን ወረቀት ገፋ አድርጋ ጫፉ ላይ ተቀመጠች።

«ቲቸር» አለችኝ። ከተቀጠርኩ ጀምሮ ስትቀልድብኝ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ። «ይሄ ነጋ ጠባ የምትጽፊለት ክኒን የእውነት ይሠራል?»

ጠያቂ አግኝቼ! ላፕቶፑን ወደሷ አዙሬ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሌክቸር ሰጠኋት። ክቦቹን አሳየኋት፣ መርፌውን ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ «ለጤነኛ ሰው ነው አይደል የሚሰጠው?» አለች።

«አዎ፣ ላልያዘው ሰው።»

«ባሏ ያለበት ሴት ብትሆንስ?»

«እንደውም ለእሷ ነው ዋናው!» ብዬ ስለ ጥንዶች የተሠሩትን ጥናቶች ላሳያት ገጹን ወደ ታች ማውረድ ጀመርኩ። ድምጿ ሲጠፋብኝ ነው ዞር ያልኩት። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ጎኑ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶበት ሆስፒታል ሲሄድ ደሙን መርምረው ቫይረሱ እንዳለበት ነግረውታል። ለማንም ትንፍሽ አላለም። እሷ ጃኬቱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ወረቀቱን አገኘች። ስትጠይቀው ማሽኑ ተሳስቷል አለ፤ መድኃኒቱን አልጀምርም፣ ጠበል ገብቻለሁ አለ። ኮንዶም ስታነሳበት ደግሞ በገዛ ቤቴ ነውር ታስተምሪኛለሽ ብሎ የያዘውን ብርጭቆ ግድግዳ ላይ ወረወረው። እሷ ተመርምራ ነፃ ነሽ ተብላለች።

«እስካሁን ነፃ ነኝ» አለችኝ። «ነፃ ሆኜ መቅረት ነው የምፈልገው። እሱ እንደዚህ ከሆነ ልጄን ማን ያሳድግልኛል?»

ያኔ እሷን ማቀፍ ነበረብኝ። እኔ ግን ተቆጣሁ፤ ስደነግጥ የሚቀናኝ ቁጣ ነው። ጥለሽው ውጪ አልኳት።

«የት ልውጣ? አንቺ ጋ? አልጋሽን እንኳ ወረቀት ይዞታል።»

«እሺ፣ ባትወጪም እምቢ በይው።»

ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። «አንቺ ባል የለሽም፤ እምቢ ማለት ይቀልሻል» አለችኝ።

ክኒኑን እንድትጀምር ተስማማን። የት ሄዳ ትጀምር የሚለው ግን ቀላል አልነበረም። አዲስ አበባን በከበቡት በእነዚህ ከተሞች ሰው ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የሰፈሩን ጤና ጣቢያ አይረግጥም። የሰበታው ቡራዩ ይመጣል፣ የቡራዩው ሱሉልታ ይወጣል፣ የሱሉልታው ሰበታ ይወርዳል። ሁሉም ከሚያውቀው ሰው ዓይን ሲሸሽ ታክሲ ውስጥ ይገናኛል። እህቴ ሰበታ ላይ የፋብሪካ ጓደኞቿን ፈራች። ወደ ቡራዩ እንዳትመጣ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ካርድ የሚያወጡትም፣ መዝገብ የሚሞሉትም ልምምድ ላይ ያሉ ተማሪዎቼ ናቸው። የአባቴን ስም ከስሜ ጋር በየቀኑ የፈተና ወረቀት ላይ ያዩታል፤ የእሷም አባት ያው ነው። ስለዚህ ሱሉልታ አልኩ።

በእረፍት ቀኗ አብሬያት ሄድኩ። ከአዲሱ ገበያ ተሳፍረን እንጦጦን ስንሻገር ጉም ነበር። የሱሉልታው ጤና ጣቢያ ውስጥ የተቀበለችን ጎልማሳ ነርስ «አከም ጅርቱ» ብላ ሰላም አለችን፤ እኛም «ፈያ» ብለን አጸፋውን መለስን። እህቴ ጉዳይዋን ስትናገር ነርሷ አንዴም አላቋረጠቻትም። በመጨረሻ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«የባልሽን የሕክምና ካርድ አምጪልኝ» አለቻት። «እሱ መድኃኒት ጀምሮ ቫይረሱ ከደሙ እስኪወርድ አንቺ ክኒኑን ትወስጃለሽ። እዚህ የምንሠራው እንደዚያ ነው።»

«ባሏ ካርድ አላወጣም፣ አይመጣምም» አልኩ እኔ።

ነርሷ በሩን አየችው። መያዣው ስለተበላሸ ገርበብ እንዳለ ነበር። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሌላ መዝገብ አለ። የሴተኛ አዳሪዎች ነው። እሱ ባል አይጠይቅም። ቡና ቤት ነው የምሠራው በይኝና ልጻፍልሽ። ከዚህ በፊትም የጻፍኩላቸው ባለትዳሮች አሉ። ረኮ ሂንቀቡ፣ ችግር የለውም፤ ማንም አያጣራም። ክኒኑን ዛሬ ይዘሽ ትሄጃለሽ።»

እህቴ ወደ እኔ ዞራ እንኳ አላየችም። «ጻፊልኝ» አለች።

«ስም ከነአባት?»

የራሷን ስም ተናገረች። ነርሷ ጻፈች። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። ገጠር ሲያስተምር ኖሮ ሰበታ ላይ ጡረታ የወጣ፣ መንገድ ላይ ሲያልፍ ሰው የሚነሳለት ሰው ነበር። ስሙ ከአፏ ሊወጣ ሲል ብድግ አልኩ።

«አትጻፊ!» ብዬ ጮህኩ። «እህቴ ሴተኛ አዳሪ አይደለችም! ባለትዳር ናት! የልጅ እናት ናት!»

ከበሩ ውጪ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ነበሩ። ጥፍሯን ቀይ የተቀባች፣ ወፍራም ሹራብ የለበሰች አንዷ በገርባባው በር ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። «እኔም የልጅ እናት ነኝ» አለችኝ።

የእህቴን ክንድ ይዤ እየጎተትኩ አወጣኋት። ነርሷ ከኋላችን «ቆይ እንጂ፣ ተረጋጉ» ስትል ይሰማኛል። አስፋልቱ ጋ ደርሰን ታክሲ ስንጠብቅ እህቴ ክንዷን ከእጄ አላቀቀች። በንዴት እንደምትጮህብኝ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን በቀስታ ነው የተናገረችው።

«የኔም አባት እኮ ነው። እሱ ቢኖር ጻፊላት ይላት ነበር።»

እውነቷን ነበር። እኔ ግን ሽንፈት አልወድም። በክብር አመጣልሻለሁ፣ አንድ ወር ብቻ ስጪኝ አልኳት። አመነችኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ የምታምነው እኔን ነው።

ያን ወር መሮጡን ሮጫለሁ። አዲስ አበባ ያሉ ትልልቅ መድኃኒት ቤቶችን አዳረስኩ፤ ግማሾቹ እንዲህ ያለ ክኒን መኖሩንም አያውቁም። አብሮኝ የተማረ ፋርማሲስት ዘንድ ሄድኩ፤ በቁጥር ገብቶ በቁጥር የሚወጣ መድኃኒት ነው፣ አታስለቅሺኝ አለኝ። ባሏን አለም ገና መኪና እጥበት ድረስ ሄጄ አገኘሁት። መድኃኒቱን ከጀመርክ አንተም በጤና ትኖራለህ፣ ቫይረሱ ሲወርድ ለእሷም አታስተላልፍም አልኩት። የሲኖትራኩን ጎማ በእግሩ እየመታ ሰማኝና «እኔ ተፈውሻለሁ። አንቺ መጽሐፍሽን አንብቢ» አለኝ። ውሃው እየረጨኝ ለመንኩት። ለምኜ አላውቅም፤ እሱን ግን ለመንኩት። ጋቢናው ላይ ወጥቶ በሩን ዘጋ።

ያልሞከርኩት አባቱን ነበር። ሽማግሌው የተከበሩ ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸው ከእሳቸው ቃል አይወጣም። ሄድኩ። እርጎ ቀርቦልኝ ተቀመጥኩ። ችግሩ ምስጢሩን መናገር አልችልም፤ ብናገር የሚባረረው ልጃቸው ሳይሆን እህቴ ናት።

«ኦቦ» አልኳቸው፣ «ልጅዎን ሐኪም ቤት ይዤው ልሂድ ብዬ ነበር። እርስዎ ይምከሩልኝ።»

«ምን ሆነና?»

«እንዲያው... ደም ግፊት እንዳይኖርበት።»

ከት ብለው ሳቁ። «ልጄ ደም ግፊት? እሱ እኮ በሬ ነው! አንቺ ግን ከስተሻል ልጄ፣ ጠጪ እንጂ!»

እርጎውን ጠጥቼ ወጣሁ። እህቴ ጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። በዓይኗ ጠየቀችኝ፣ በጭንቅላቴ መለስኩላት።

አንድ ወር ያልኩት ሁለት ሆነ። በሦስተኛው ወር በምሳ እረፍቷ ከፋብሪካው ግቢ ደወለች። ከጀርባዋ የማሽን ጩኸት ይሰማል። «ብቻዬን ሱሉልታ ልሂድና መዝገቡን ላስሞላው?» አለችኝ። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ መጠየቋ ነው። እኔን ማስፈቀድ አይጠበቅባትም ነበር። በእኛ ቤት ግን ከአባታችን ሞት በኋላ የእኔ ቃል የመጨረሻ ነው፤ እንደዚያ ያስለመድኳት ራሴ ነኝ።

ሂጂ ማለት ይበቃ ነበር። እኔ ግን ስለ መርፌው ነገርኳት። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ክኒን መደበቅ የለ፣ ብልቃጥ የለ፣ መዝገቡም ሌላ ይሆናል አልኳት። ወደ እኛም አገር ይመጣል እየተባለ ነው፣ ትንሽ ታገሺ።

«ትንሽ ማለት ስንት ጊዜ?»

«ትንሽ ነዋ።»

መቼ እንደሚመጣ የማውቀው ነገር አልነበረም። ያነበብኩት ሁሉ ምርምሩ ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል እንጂ ሰበታ መቼ እንደሚደርስ የሚናገር አንድ ገጽ አላየሁም። የሩቁን መርፌ የጠራሁት የቅርቡ መዝገብ ስላሳፈረኝ ነው። ለእሷ የነገርኳት ግን እንደ ሳይንስ አድርጌ ነበር፣ በዚያ አስተማሪ ድምፄ። እሷም እሺ ብላ ዘጋች።

በነዚያው ሳምንታት ጥናቴን ጨረስኩ። በቅርብ ዓመታት ጽሑፎች ውስጥ እየተለቀ ከመጣው ክብ አንዱ «መገለል» የሚለው ቃል ነበር። ስለ እሱ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ሰዎች መድኃኒቱ በእጃቸው እያለ የቤተሰብ አመለካከትና የስም ጉዳይ እንደሚያግዳቸው፣ ባለሙያዎች ጭምር የዚህ እንቅፋት አካል እንደሚሆኑ አሳምሬ ጻፍኩ። ማንን እየገለጽኩ እንደሆነ አልገባኝም ብል ማን ያምነኛል? ግን የምር አልገባኝም ነበር። ጥናቱን መድረክ ላይ ሳቀርብ ገምጋሚዎቹ ያንን ክፍል ነጥለው አመሰገኑት። እህቴ አበባ ይዛ መጥታ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሲያጨበጭቡ አብራ አጨበጨበች።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አተኮሳት። ጉሮሮዋን አመማት፣ አንገቷ ሥር እብጠት ወጣ፣ ደረቷ ላይ ሽፍታ ታየ። ሰበታ አንድ ክሊኒክ ሄዳ ታይፎይድ ነው ተባለች። እዚህ አገር ያተኮሰው ሁሉ ታይፎይድ ነው። የታይፎይድ መድኃኒት ወሰደች፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትኩሳቱ ለቀቃት። በስልክ ስትነግረኝ «እንኳን ተሻለሽ» አልኳት። ቫይረሱ መጀመሪያ ሲገባ እንዲህ ያለ ትኩሳት እንደሚያመጣ በመቶ የሚቆጠሩ ጽሑፎች ላይ አንብቤዋለሁ፣ ክፍል ውስጥም አስተምሬዋለሁ። ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ማልቀስ እንኳ አቃተኝ፤ ማልቀስ ማመን መስሎ ታየኝ።

ለመመርመር ትክክለኛው ጊዜ እስኪደርስ ቀን ቆጠርኩ፣ ቀኑ ደርሶም ሦስት ቀን ፈርቼ አሳለፍኩ። በአራተኛው ሄጄ ከፋብሪካው በር ላይ ጠበቅኋት። ሱሉልታ አላልኩም፣ ሌላ ከተማ አልመረጥኩም። በቀጥታ ቡራዩ፣ ተማሪዎቼ ወዳሉበት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የማፍርበት ነገር አልቆብኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ያስመረቅኳት ልጅ ናት ክፍሉ ውስጥ ያለችው። «ቲቸር!» ብላ ከወንበሯ ተነሳች፣ ከዚያ የእህቴን ፊት አይታ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ጣቷን ወጋቻት። የመጀመሪያው መመርመሪያ ላይ ሁለት መስመር ወጣ። እኔ ያስተማርኳትን አንድ በአንድ ጠብቃ በሁለተኛው፣ በሦስተኛውም አረጋገጠች። ቢሳሳት ብዬ የተማሪዬን እጅ ነበር የማየው። አልተሳሳተችም። ውጤቱን ስትነግራት ድምጿ ልክ ነበር፣ አቀማመጧ ልክ ነበር፣ ጎበዝ ተማሪ ነበረች።

እህቴ አልጮኸችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ «ልጄን ማሳደግ እችላለሁ?» ብላ ጠየቀች።

«በደንብ ትችያለሽ። መድኃኒቱን በየቀኑ ከወሰድሽ ልጅሽን ድረሽ የልጅ ልጅም ታያለሽ» አለቻት። ይህም እውነት ነው፤ እኔ ራሴ ያስተማርኳት እውነት ነው። በዚያ ሰዓት ግን የማስበው ሌላ ነበር። ልትቀር የምትችል በሽታ ናት። ለአንድ መዝገብ፣ ለአንድ ስም ብዬ ያስገባኋት በሽታ ናት። እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ልላት ፈለግኩ፤ ተማሪዬ ፊት አፍሬ ቀረሁ። ያለቀብኝ የመሰለኝ ሐፍረት አላለቀም ነበር።

ተማሪዬ አዲስ ካርድ አውጥታ መጻፍ ጀመረች። ስም ጠየቀች። እህቴ የራሷን ስም፣ ቀጥላ የአባታችንን ስም፣ ጮክ ብላ ተናገረች። ሥራ ስትባል የፋብሪካ ሠራተኛ አለች። እንደተናገረችው ተጻፈ።

«ባሌ አይመጣም» አለች እህቴ ሳትጠየቅ። «ካርድም የለው። እሱ ሳይፈቅድ ይሰጠኛል?»

ተማሪዬ ግር አላት። «ኧረ ለአንቺ ነው እኮ፤ ማንንም አታስፈቅጂም። ዛሬውኑ ትጀምሪያለሽ።» ከመደርደሪያው ብልቃጡን አውርዳ እህቴ እጅ ላይ አስቀመጠችላት።

እህቴ ብልቃጡን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደኔ አዞረች።

«ሰማሽ?» አለችኝ። «ከያዘኝ በኋላ የሚከለክለኝ የለም።»